መብራት ቢሄድም ውሃው ይመጣል

የምድር ቤታችንን ፓምፕ ስለ መጠበቅ የተዘጋጀ ትምህርት



በዚህ የዓመት መጽሔት ላይ ስለ ቋንቋችን፣ ስለ ፈተና ዝግጅትና ስለ ሥነ ምግባር ስንጽፍ ቆይተናል። ዘንድሮ የምንጽፈው ስለ አንድ የውሃ ፓምፕ ነው። ፓምፑ የሚገኘው ከዋናው ደረጃ ሥር፣ በምድር ቤቱ ጥግ ባለች ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ነው። አብዛኞቻችሁ አይታችሁት አታውቁም። እውነቱን ለመናገር እኛም ሥራውን እስካቆመባት ሌሊት ድረስ መኖሩን ረስተነው ነበር።

ያቺ ሌሊት

ጊዜው ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 2024። ሆሣዕና ሊደርስ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ተማሪዎች እረፍት ላይ ስለነበሩ በግቢው ውስጥ ያሉት አረጋዊው ዘበኛችን ብቻ ናቸው። ናይሮቢ በኤፕሪል 24 በጎርፍ የተጥለቀለቀችበትን ያን ሳምንት ማን ይረሳል? ኤፕሪል 29 ሊከፈቱ የነበሩት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ በአንድ ሳምንት፣ ከዚያም እስከ ሜይ 13 ድረስ ዘግይተዋል። በማታሬ ወንዝ ዳር ቤታቸውን፣ በማይ ማሂዩ ደግሞ ሕይወታቸውን ያጡ ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱ ጋር ሲነጻጸር የእኛ ጉዳት ትንሽ ነው፤ የምንነግራችሁም ትምህርት ስላለው ነው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። ዘበኛችን ደወሉልን።

«የታችኛው ሞተር ድምፁ ጠፍቷል። ውሃው ደረጃውን ይዟል። መጻሕፍቱ ሊርሱ ነው፤ ምን ላድርግ?» አሉን።

እኛም ከእንቅልፍ እንደ ነቃን፣ ሳናመዛዝን፣ «አባባ፣ እባክዎ የቻሉትን ያህል ካርቶን ወደ ላይ ያውጡልን» አልናቸው።

ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ የእጅ ባትሪ ይዘው መውረድ ጀመሩ። ውሃውን ሊረግጡ አንድ ደረጃ ሲቀራቸው መብራት ተመልሶ መጣ። ወለሉ ላይ የተረሳ የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ገመድ ውሃ ውስጥ ገብቶ ኖሮ ብልጭ ብሎ ጮኸ፤ ዋናው ብሬከር ወደቀና ሕንፃው እንደገና ጨለመ። እግራቸው ውሃውን አልነካም ነበር። የቀረው አንድ እርምጃ ነው።

ብሬከሩ ስለ ወደቀ፣ ሰፈሩ ሁሉ መብራት አግኝቶ ሳለ የእኛ ፓምፕ እስኪነጋ ድረስ አልሠራም። ጠዋት ስንደርስ ውሃው ጉልበት ይደርሳል። የአንደኛ ክፍል የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት፣ ከአዲስ አበባ በየመንገደኛው ሻንጣ እየለመንን ያስመጣናቸው፣ አብጠው ተጣብቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የስም መጥሪያ መዝገቦች ቀለማቸው ታጥቧል። በጣም አዘንን። ነገር ግን መጽሐፍ እንደገና ይታተማል። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረን ሰውን ወደ ውሃው የላክነው እኛ መሆናችን ነው። ዘበኛችንን ይቅርታ ስንጠይቃቸው፣ «እኔን እግዜር አውጥቶኛል፤ እናንተ ደግሞ ተማሩበት» አሉን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ትምህርት ውጤት ነው።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ናይሮቢ ስሟን ያገኘችው ከማሳይ ቋንቋ ነው፤ ትርጉሙም ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው። በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሰፈራቸውን የተከሉበት ሜዳ ረግረግ ነበር። በከተማዋ ሰፊ ክፍል ያለው አፈር እኛ ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲያገኝ ያብጣል፣ ውሃውንም ይዞ ይቆያል፣ ቶሎ ወደ ታች አያሳልፍም። ስለዚህ በዋልካ መሬት ውስጥ የተቆፈረ ምድር ቤት ጭቃ ውስጥ እንደ ተቀበረ ገንዳ ነው፤ ልዩነቱ ገንዳው ውሃ እንዳይወጣበት፣ ምድር ቤቱ ደግሞ ውሃ እንዳይገባበት መፈለጉ ነው።

በኬንያ ረጅሙ ዝናብ ከማርች እስከ ሜይ፣ አጭሩ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ይዘንባል። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ እንፈተናለን።

የሚመጣውን ውሃ መጠን ማስላት ከባድ አይደለም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ልክ 1 ሊትር ውሃ ነው። የጣሪያችንና የኋላው ግቢ ስፋት በድምሩ 200 ካሬ ሜትር ቢሆንና በአንድ ሌሊት 50 ሚሊሜትር ቢዘንብ፣ 200 × 50 = 10,000 ሊትር ይሆናል። ይህ ሁሉ ወደ ምድር ቤቱ ከፈሰሰ አሥር ባለ አንድ ሺህ ሊትር ታንከሮች ደረጃው ላይ እንደ ተደፉ ቁጠሩት።

ፓምፑ እንዴት ይሠራል?

ጉድጓዷ የምድር ቤቱ ዝቅተኛ ቦታ ናት። ከወለሉና ከግድግዳው የሚሰርገው ውሃ በቁልቁለት ወደ እርሷ ይወርዳል። ፓምፑ ውሃው ውስጥ ጠልቆ ይቀመጣል። ከጎኑ በገመድ የተያያዘ ተንሳፋፊ አለ። ውሃው ሲጨምር ተንሳፋፊው ከፍ ይላል፣ በውስጡ ያለው ማብሪያ ይበራል፣ ሞተሩ ይነሳል። ውሃው ሲጎድል ተንሳፋፊው ይወርዳል፣ ሞተሩም ይቆማል። በመውጫው ቧንቧ ላይ ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ተገጥሟል፤ እርሱ ከሌለ ፓምፑ በቆመ ቁጥር ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ተመልሶ ወደ ጉድጓዷ ይወርዳል።

ፓምፑ ለምን ውሃው ውስጥ ይቀመጣል? ከላይ ሆኖ ውሃ የሚስብ ፓምፕ በእውነቱ አይስብም፤ እርሱ አየሩን ያስወጣል፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የከባቢ አየር ግፊት ነው። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ በ1640ዎቹ እንዳሳየው ይህ ግፊት ገደብ አለው። በባሕር ጠለል ውሃን ከ10 ሜትር ጥቂት በላይ ያነሳል። ናይሮቢ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ እዚህ ገደቡ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ከሥር ሆኖ የሚገፋ ፓምፕ ግን ይህ ገደብ የለበትም።

የታሪክ ተማሪዎች ደግሞ ይህን አስተውሉ። በ1712 እንግሊዛዊው ቶማስ ኒውኮመን የእንፋሎት ሞተሩን የሠራው ጎርፍ ከሞላው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውሃ ለማውጣት ነበር። ባቡሩም ፋብሪካውም ከዚያ በኋላ መጡ። እናንተ በየቀኑ መብራትን «ስቲማ» የምትሉበት የስዋሂሊ ቃል መነሻውም እንፋሎት የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው።

ዝናብና ጨለማ ለምን አብረው ይመጣሉ?

ብዙዎቻችን የመብራት መሄድንና ጎርፍን እንደ ሁለት የተለያዩ አጋጣሚዎች እናያለን። ነገር ግን መንስኤያቸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ዝናቡን ያመጣው ነፋስ ዛፍ በሽቦ ላይ ይጥላል፣ ምሰሶ የተተከለበት አፈር ይረሳል፣ ውሃ ወደ ትራንስፎርመር ይገባል። አንዳንዴም ሰው እንዳይሞት መስመሩ ሆን ተብሎ ይቆረጣል። በዚህ ምክንያት ፓምፑ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ኃይል የማጣት ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

መላው አገር የሚጨልምበት ቀንም አለ። በ2023 ብቻ ኦገስት 25፣ ኖቬምበር 11 እና ዲሴምበር 10 ኬንያ አብዛኛው ክፍሏ ጨልሞ ነበር። በኦገስቱ ጨለማ የጆሞ ኬንያታ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይቀር መንገደኞች በጨለማ ቆመዋል፤ ተጠባባቂ ጄኔሬተር ቢኖርም ሳይነሳ ቀርቷልና። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ ሱስዋ በሚደርሰው መስመር የአገራችን ኃይል እዚህ ይደርሳል። ያም ሆኖ፣ ረጅም መስመር የሚበጠስበት ቦታ ብዙ ነውና መብራት አይሄድም ብሎ ማሰብ አይገባም።

ባትሪ ስንት ሊትር ውሃ ያወጣል?

የፊዚክስ ተማሪዎቻችን ያሰሉልን ይህን ነው። ፓምፓችን 750 ዋት ነው፤ ውሃውን 4 ሜትር ከፍ አድርጎ በደቂቃ 200 ሊትር ያህል ያወጣል። 10,000 ሊትሩን ለማውጣት 50 ደቂቃ ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ የሚወስደው ኃይል 625 ዋት ሰዓት ነው።

ባለ 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የተለመደው የሊድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች እንዲወርድ አይመከርም፤ ስለዚህ የሚገኘው 600 ነው። የባትሪውን ኃይል ወደ 240 ቮልት የሚቀይረው ኢንቨርተር ደግሞ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ ወደ 510 ገደማ ይቀራል። ይህ ፓምፑን 40 ደቂቃ ያህል ያሠራል፣ 8,000 ሊትርም ያስወጣል። 2,000 ሊትር ወለሉ ላይ ይቀራል ማለት ነው። አንድ ባትሪ አይበቃም፤ ሁለት ያስፈልጋል።

ኢንቨርተር ስትገዙ አንድ ነገር አትርሱ። ሞተር በሚነሳበት ቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። ለ750 ዋት ፓምፕ ባለ 800 ዋት ኢንቨርተር የገዛ ሰው አምፖሉን ያበራ ይሆናል፣ ፓምፑን ግን አያስነሳም። ስለዚህ ባለሙያ አማክሩ፤ ፈንዲውም በወረቀት ላይ ያለውን ዋት ብቻ እንዳያይ፣ ፓምፑን አስነስቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

ሒሳቡ የገለጠልን ሌላም ነገር አለ። ከ10,000 ሊትሩ ግማሹ ከጣሪያ የሚወርድ ነው። የጣሪያውን አሸንዳ ጠግነን ውሃውን በቧንቧ ወደ መንገዱ ቦይ ብንመራው የፓምፑ ሥራ በግማሽ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ አንዱ ባትሪ ይበቃል። የአሸንዳው ጥገና ከሁለተኛው ባትሪ ዋጋ በብዙ አንሶ ተገኘ።

ተጠባባቂው የት ይቀመጥ?

በጃፓን ፉኩሺማ ዳይቺ የኑክሌር ጣቢያ ማርች 11 ቀን 2011 የመሬት መንቀጥቀጥ የውጭውን መብራት ሲቆርጥ ተጠባባቂ ጄኔሬተሮቹ ወዲያው ተነስተው ነበር። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ግን የሱናሚው ውሃ ደረሰ። አብዛኞቹ ጄኔሬተሮች የተቀመጡት ምድር ቤት ውስጥ ስለነበር ሰመጡ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የነበረው አንዱ ግን መሥራቱን ቀጠለ፤ አምስተኛውና ስድስተኛው ማብለያዎች የዳኑት በእርሱ ነው።

በኒውዮርክ የቤልቪው ሆስፒታል ሰዎች ደግሞ ጄኔሬተሮቻቸውን 13ኛ ፎቅ ላይ አስቀምጠው ነበር። በኦክቶበር 2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል ሲመጣ ጄኔሬተሮቹ አልረጠቡም፤ ነዳጅ ወደ እነርሱ የሚገፋው ፓምፕ ግን ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ሠራተኞችና ወታደሮች ነዳጁን በእጃቸው እየተቀባበሉ 13 ፎቅ ወጡ፤ በመጨረሻም በሽተኞቹን ማዘዋወር ግድ ሆነ።

እኛም ባትሪና ኢንቨርተራችንን ልንገዛ ስንል ሻጩ «ከፓምፑ አጠገብ ይሁን፣ ሽቦ ይቀንሳል» ብሎን ነበር። አይሆንም አልን። አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ከውሃ የሚያድነን መሣሪያ ውሃ በሚደርስበት ቦታ መቀመጥ የለበትም።

ያለ መብራት የሚሠራ ጥበብ

በላሊበላ የቤተ ጊዮርጊስ ግቢ ከላይ ወደ ታች 12 ሜትር ያህል የተፈለፈለ ነው። ክረምት በላስታ እንዴት እንደሚዘንብ የሚያውቅ ሰው፣ ያ ጉድጓድ ለምን ኩሬ አልሆነም ብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱ አለቱን የፈለፈሉት ሰዎች ቤተ ክርስቲያኖቹን ብቻ አለመቅረጻቸው ነው። ውሃው የሚወርድባቸውን ቦዮችም ተዳፋታቸውን ጠብቀው አብረው ቀርጸዋል። ተዳፋት ቆጣሪ የለውም፣ አይቋረጥም። የሚፈልገው ቦዩ እንዳይደፈን መጥረግ ብቻ ነው።

የእኛ ምድር ቤት ወለል ከመንገዱ ቦይ በታች ስለሆነ ውሃው ሁሉ በራሱ አይወጣልንም፤ ስለዚህ ፓምፑ ግድ ነው። ነገር ግን በተዳፋት ሊሄድ የሚችለውን ውሃ ሁሉ በተዳፋት እንሸኝ፣ ለፓምፑ የምንተወው የቀረውን ብቻ ይሁን።

የመጨረሻው ጥበብ ደቦ ነው። በሰልፍ ቆመው በየ10 ሴኮንዱ ባለ 10 ሊትር ባልዲ የሚቀባበሉ ሰዎች በደቂቃ 60 ሊትር ያወጣሉ። 10,000 ሊትሩን ለማውጣት ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጅባቸዋል። ይህ የሚደረገው ግን የሕንፃው ኤሌክትሪክ ከዋናው መቆረጡን ኃላፊው በዓይኑ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።

የደነገግናቸው ደንቦች

1. ውሃ ወደ ገባበት ምድር ቤት ማንም አይወርድም፤ መብራት ቢሄድም አይወርድም። የሄደ መብራት ሳይናገር ይመለሳል። ማጥፊያው ደረቅ ቦታ ላይ ከሆነና እጃችንም እግራችንም ደረቅ ከሆነ ከዋናው እናጠፋለን። ካልሆነ እንርቃለን፣ የመብራት ድርጅቱን እንጠራለን።

2. ምድር ቤት ወለል ላይ የማራዘሚያ ገመድ አይቀመጥም። መጻሕፍትና መዝገቦች በሙሉ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥተዋል፤ ታች የቀሩት የፕላስቲክ ወንበሮች ናቸው።

3. ፓምፑ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር አለው፤ የሌላ ዕቃ ብልሽት እርሱን አያጠፋውም። ኤሌክትሪክ ወደ ውሃ ወይም ወደ ሰው ሲያመልጥ ወዲያው የሚቆርጥ የ30 ሚሊአምፔር መከላከያም ተገጥሞለታል።

4. በወር አንድ ጊዜ ዋናው መብራት ይጠፋና ባልዲ ውሃ ወደ ጉድጓዷ ይደፋል። ተንሳፋፊው ተነስቶ ፓምፑ በባትሪ መሥራቱ ይታያል፤ ቀኑም በመዝገብ ይጻፋል። ጭቃው ይጠረጋል፣ ከተንሳፋፊው ላይ የተጠመጠመ ላስቲክ ይነቀላል።

5. ጄኔሬተር የሚነሳው ከቤት ውጭ፣ ከመስኮትና ከበር ርቆ ነው። ጭሱ እንደ ከሰል ጭስ ሽታው ሳያስጠነቅቅ ይገድላል። ጄኔሬተርን በሶኬት በኩል ወደ ቤት መስመር መሰካትም ክልክል ነው፤ ኃይሉ ወደ መንገዱ ሽቦ ወጥቶ እዚያ የሚጠግነውን ሠራተኛ ይገድላልና። ባለሙያ የገጠመው መቀያየሪያ ያስፈልጋል።

6. በጉድጓዷ አፍ ላይ በደረቅ ድንጋይ የሚሠራ የውሃ ደወል አለ። ደወሉ ሲጮህ ዘበኛው ወደ ታች አይወርዱም፤ ስልክ ይደውላሉ። እኛም የምንመልሰው መልስ አንድ ነው፦ «አባባ፣ እንዳይገቡ!»

7. የጎርፍ ውሃ ከፍሳሽ ጋር የተቀላቀለ ነው። የነካው ሰው በሳሙና ይታጠባል፣ ወለሉም በበረኪና ይጸዳል።

ለተማሪዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር በሆነ ጣሪያ ላይ 40 ሚሊሜትር ዝናብ ቢወርድ ስንት ሊትር ይሆናል? በደቂቃ 200 ሊትር የሚያወጣ ፓምፕስ በስንት ደቂቃ ይጨርሰዋል?

2. በፉኩሺማ አንድ ጄኔሬተር፣ በቤልቪው ደግሞ ሁሉም ጄኔሬተሮች ከውሃው ድነዋል። የመጀመሪያው ሠርቶ ሁለተኞቹ ለምን ችግር ገጠማቸው? በግማሽ ገጽ አብራሩ።

3. በቤታችሁ ዋናው የኤሌክትሪክ ማጥፊያ የት ነው? ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ ፈልጉ፤ ሳትነኩ ቦታውን ሥዕል አድርጋችሁ አምጡ።

4. አያቶቻችሁን ወይም ሌላ ታላቅ ሰው ጠይቁ፦ በትውልድ ቀያቸው የክረምትን ውሃ ከቤትና ከእርሻ የሚያስወግዱት እንዴት ነበር? ለቦይ፣ ለአሸንዳ፣ ለተዳፋት የነበሯቸውን ቃላት ጽፋችሁ ትርጉማቸውን ለክፍሉ አንብቡ።

ማጠቃለያ

በተከታዩ አጭር ዝናብ ወቅት ሰፈራችን አንድ ሌሊት ሙሉ መብራት አልነበረውም። ጠዋት ስንመጣ የምድር ቤቱ ወለል እርጥብ ነበር፣ ውሃ ግን አልያዘም። ዘበኛችን በራቸው ላይ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ነበር። «ሌሊቱን እንዴት አደሩ?» አልናቸው። «ሞተሩ ሲነሳ ሲተኛ ሰማሁት፤ እኔም እንደ እርሱ ስነሳ ስተኛ አደርኩ» አሉን።

አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። ወላጆች ሆይ፣ የቤታችሁን አሸንዳ የምትጠርጉት፣ ባትሪውን የምትፈትሹት፣ ከልጆቻችሁም ጋር ደንብ የምታወጡት ሰማዩ ሳይጠቁር ይሁን። ፓምፕ የሚጠበቀው ዕቃ እንዳይረጥብ ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ በፊት በጨለማ ወደ ውሃ የሚወርድ ሰው እንዳይኖር ነው።

መልካም የትምህርት ዘመን፣ የሰላም ዝናብ ይሁንልን።